አርሴማና ሁለቱ ዲስኮች

አርሴማ የልጄ ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ሲሆናት እናቷ ከመዘዞ አምጥታ ለትምህርት እኔ ዘንድ ተወቻት፤ ከዚያ ወዲህ አብራኝ ናት። አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ረጅም ናት። ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ስትናደድ ደግሞ ዕቃ ታጥባለች። የታጠበ ዕቃ መልሳ ስታጥብ ካየሁ ምንም አልጠይቃትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገች። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ታመለክታለች፣ ትፈተናለች፣ እንጠራሻለን ይሏታል፣ አይጠሯትም። አንድ ቀን የፊት ለፊቱን ክፍል ስጪኝ፣ ጌም ቤት ልክፈትበት አለችኝ። ቤታችን ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ የኮብልስቶኑ መንገድ ዳር ነው። ክፍሉ ትልቅ መስኮት አለው፤ ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ እኔ የበግ ፀጉር የማባዝተውና የምፈትለው እዚያ ነበር። ሰጠኋት ማለት አልችልም፣ ተካፈልነው። እሷ ግድግዳውን ያዘች፣ እኔ በርጩማዬንና እንዝርቴን ይዤ መስኮቱ ሥር ቀረሁ።

ሙሉ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልገዛችም። ከአንዱ የተጣለ ሣጥን፣ ከሌላው የተበላሸ ሰሌዳ፣ ከሦስተኛው ስክሪን እያመጣች በካቻቢቴ ፈታ ገጠመች። አራት ሆኑ። ከመስኮቱ ጀምራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ጻፈችባቸው። አንድ ከበርጩማዬ ክንድ አይርቅም። አራት በሩ ጋ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ጀርባ ስለሚመታ፣ ሌላ ቦታ ካልጠፋ ማንም አይቀመጥበትም።

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጠና ኮምፒውተሮቹ አሳዘኑኝ። ማታ ስትዘጋ አሮጌ ባናዬን፣ የሱፍ ብርድ ልብሴን፣ አወጣና አለብሳቸዋለሁ። ባናው ሦስቱን ይሸፍናል፣ አራት ጋ አይደርስም። አርሴማ ጠዋት አጣጥፋ ታመጣልኛለች። እማዬ፣ ዕቃ አይበርደውም ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ማታ መልሼ አለብሳለሁ።

የሚመጡት ልጆች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ዘወትር የማይቀሩት ዐሥራ አንድ ነበሩ። አለቃቸው ቃለ አብ የሚባል የእነዋሪ ልጅ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት፣ አፉ የማያርፍ። ሁለት ቁጥር ላይ ካልሆነ አይጫወትም። ኳስ ነው የሚጫወቱት፤ ስክሪኑ ላይ ሜዳ አለ፣ ሰዎቹ ይሮጣሉ፣ እነሱ በጣታቸው ያስሮጧቸዋል። ቃለ አብ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ እማማ በሰለች፣ ይህን ልጅ ዛሬ በአምስት ጎል ልሸኘው ነውና ይመርቁት ይላል። እኔም እመርቀዋለሁ። የተመረቀው ልጅ አንዳንዴ ያሸንፋል፤ ያን ጊዜ ቃለ አብ አዳሉ ብሎ ያኮርፈኛል።

ኅዳር ላይ ኮምፒውተሮቹ መቆራረጥ ጀመሩ። ኳሷ ወደ ጎል እየሄደች ሳለ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። መልሶ ሲንቀሳቀስ ኳሷ በረኛው እጅ ላይ ናት። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ጠረጴዛ ይመታሉ። ቃለ አብ በመጀመሪያ ቀለደበት፤ ይሄ ኮምፒውተር ከመምታቱ በፊት ማሰብ ጀምሯል፣ ዲግሪውን ሊይዝ ነው አለ። በኋላ ግን ቀልዱ አለቀበት። በዚያው ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ፣ አዲስ ዕቃ፣ ትልልቅ ስክሪን። ቃለ አብ ሄደ። ሌሎቹም እሱን ተከትለው አንድ በአንድ ቀሩ።

ለጥምቀት ልጄ ባየው ከአዲስ አበባ መጣ። ለአርሴማ አጎቷ ነው፣ ይወዳታል። ገብቶ ባዶዎቹን ወንበሮች አየና ብዙ አልተናገረም። ማታ በእራት ላይ፣ መርካቶ የሞባይል ሱቅ ያለው ወዳጁ የተማረች ልጅ እንደሚፈልግ ነገራት። እኔ ጋ ታድሪያለሽ፣ ሥራው ንጹሕ ነው አላት። አርሴማ ጊዜ ስጠኝ አለችው። ተነጋገሩ፤ ልጆቹ ከተመለሱ ትቀራለች፣ ካልተመለሱ በዳግማይ ትንሣኤ መጥቶ ይወስዳታል። እኔን የጠየቀኝ የለም። አርሴማ ተነስታ የታጠበውን ሰሃን ማጠብ ጀመረች።

በዚያን ሌሊት ምን እንዳሰብኩ መጻፍ አልፈልግም። ዐሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ሲሄድ ቤት ምን እንደሚመስል ባየው ራሱ ሲሄድ አይቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዲስክ ነገር መጣ።

አርሴማ ጥፋቱን የጣለችው ዲስኩ ላይ ነው። ጨዋታው የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ በሚባል ዕቃ ውስጥ ነው፣ የእኛዎቹ አሮጌ ስለሆኑ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት አለችኝ። ስለዚህ ሁለት ዲስክ ታጣምራለች። ጨዋታው ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይጻፋል፣ ሲነበብ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባሉ። አንድ ዳዊት ለሁለት ሰው ተከፍሎ፣ አንዱ አንዱን መስመር፣ ሌላው ቀጣዩን ቢል ቶሎ አያልቅም ወይ አለችኝ። ያልቃል አልኳት። ገባኝ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ዘርአ ዳዊት መጣ። ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከጎንደር መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ አርሴማን ተማሪ ሆና ጀምሮ ያውቃታል። ነገሩን ሲሰማ አልወደደውም። ጨዋታው ሲከፈት ይፈጥንልሻል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ዲስኩ እምብዛም ሥራ የለውም፣ ያን ጊዜ የሚደክመው ሥዕሉን የሚሠራው ካርድ ነው አላት። እሷ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያጣመሩ ሰዎች እጥፍ ፈጠነልን ብለው እንደጻፉ ነገረችው። የሚሉት እውነት ነው አላት። እንግዲያው አለችው። እውነት ነው፣ ግን ላንቺ አይጠቅምም አላት።

እኔ ፈትሌን አቆምኩ። አንድ ነገር እንዴት እውነት ሆኖ አይጠቅምም? ቢያንስ ግን ሁለት መሆናቸው ደግ ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ለዘር የሚሆነውን ገብስ በሁለት ዕቃ ከፍላ ታስቀምጥ ነበር፣ አንዱን ነቀዝ ቢያገኘው ሌላው እንዲተርፍ። ይህንኑ አልኩት፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ አይደል አልኩት።

ዘርአ ዳዊት ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም እማማ። አንዱ ከተበላሸ ሁለቱም ጠፉ። ግማሽ ግማሽ ነው የያዙት፣ የአንዱ ብቻውን አይነበብም።»

«ታዲያ ማጣመሩ ምኑ ላይ ነው?»

«ፍጥነቱ ላይ።»

«አይጠቅምም አላልክም?»

ሳቀ። አርሴማ አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ አራት ቁጥርን ታይ ነበር። ዲስክ የምትገዛበት አልነበራትምና በሩ ጋ ያለውን፣ ማንም የማይቀመጥበትን ኮምፒውተር ፈታች፣ ዲስኩን አውጥታ ሁለት ቁጥር ውስጥ ከነበረው ጋር አጣመረችው። ሁለት ቁጥርን የመረጠችው የቃለ አብ ቦታ ስለሆነ ነው። ሁሉንም ነገር እንደገና መጫን ነበረባት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶባት ሦስት ቀን ፈጀ።

ሲያልቅ ጠራችኝ። እኔ ጨዋታው እስኪከፈት የምለካው በጸሎት ነው። በፊት አረንጓዴው ሜዳ እስኪመጣ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት እጨርስ ነበር። አሁን አንዱንም አላደረስኩም። አርሴማ እጇን አጨበጨበች። እኔም ደስ አለኝ፤ ዘርአ ዳዊት ተሳስቷል ብዬ አሰብኩ፣ ሲመጣ ምን እንደምለው ሁሉ አዘጋጀሁ።

ለቃለ አብ ደወለችለት። ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሲከፈት አይቶ አፏጨ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ተጫወቱ፣ ደህና ነበር። አርሴማ ከኋላው ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። ሁለተኛው ግጥሚያ መሃል ላይ ኳሷ ቆመች። ተንቀሳቀሰች። ደግሞ ቆመች።

እንዲቀልድ ጠበቅሁ። አልቀለደም። ጨርሶ ተነሳና አመስግኖ፣ ጥሩ ሆኗል አርሲ፣ በጣም ይፈጥናል አላት። እኔንም ጎንበስ ብሎ ተሰናበተኝ። ቃለ አብ ሲሰድብ እንጂ ሲያዝን አላየሁትም ነበር። አርሴማም ገብቷታል። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሁለት ቁጥር ፊት ተቀምጣ ጨዋታውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። መክፈቱን ሲያዩት እንደ መብረቅ ነው። ሦስተኛ ዲስክ ብጨምርበትስ አለችኝ። መድኃኒቱ ሠርቷል፣ በሽተኛው ግን አልተነሳም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ደብተር መናገር አለብኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ አርሴማ ናት፣ ያኔ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እጄ እንዲፈታ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። በስክሪኖቹ ጥግ ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚለዋወጥ ነው አለችኝ። ስድሳ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሲወርድ ይቆራረጣል። ከልጆቹ ጀርባ ተቀምጬ ስፈትል ስለምውል፣ አረፍ ባልኩ ቁጥር እሱን ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። አንድ ቁጥር ጠዋት ስድሳ፣ ረፋድ አርባ አንድ፣ ቀትር ሃያ ሦስት። ሁለትም ሦስትም እንዲሁ። ለማንም አላሳየሁትም፣ የሚታይ ነገርም አልመሰለኝም።

ቃለ አብ መጥቶ በሄደ ማግስት ደብተሩን ሳገላብጥ የአራት ቁጥር መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። ስድሳ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስድሳ፣ ስድሳ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ዲስኩ እስኪወጣ ድረስ፣ አንድም ቀን ከሃምሳ ስምንት አልወረደም። መጀመሪያ ተሳስቼ የጻፍኩ መሰለኝ። ሰው ስላልነካው ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ግን ቁጥሩን የጻፍኩት ሲጫወቱበት ነው። ደግሞ ሁሉም ዲስካቸው ያው አሮጌ ነው። ግራ ገባኝና ወደ አርሴማ ወሰድኩት።

ቆማ አነበበች። ተቀመጠችና እንደገና አነበበች።

«እማዬ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው።»

«እሱንስ አይቻለሁ።»

«ዲስክ ጠዋትና ቀትር አያውቅም።»

ተነስታ እጇን አንድ ቁጥር ሣጥን ላይ አደረገች። የኔንም እጅ ወስዳ አስነካችኝ። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ነው። ካቻቢቴዋን አመጣች። ሣጥኑን ከዚህ በፊትም ከፍታዋለች፤ ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ በጨርቅ ትጠርገዋለች። አሁን ግን ካርዱ ላይ ያለውን ትንሽ ማራገቢያ ፈትታ አነሳችው።

ከሥሩ ብረቱ መሃል ግራጫ ነገር ተጠቅጥቋል። በጥፍሯ ይዛ ስትጎትተው ሳይቆራረጥ ወጣ፤ ልክ እንደ ተባዘተ ሱፍ፣ መዳፍ የሚያክል። አገላብጣ አየችው። ከዚያ እንዝርቴን አየች። ከዚያ ግድግዳው ጋ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ባና።

የማባዝተው ፀጉር ብናኝ ነው። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ከጎኔ እየሳበ አስገብቶታል፣ ማታ ደግሞ እኔው በባና አሽጌበታለሁ። ካርዱ መተንፈሻ አጥቶ ሲግል ራሱን እያዘገየ ነው የቆየው። ሁለት ቁጥርም እንዲሁ ነበር፣ ሦስትም። አራት ብርድ ስለሚመታው፣ ከእኔም ስለሚርቅ፣ ባናውም ስላልደረሰለት ጤነኛ ነበር። እሷ ደግሞ ጤነኛውን አፍርሳ ለበሽተኛው ዲስክ ጨመረችለት።

ያለበስኳቸው በርዷቸው ይሆናል ብዬ ነው። ልጄን ከቤቴ የሚያስወጣት የኔው ባና ነው ብሎ ማን ያስባል? አርሴማ ሱፉን እንደያዘች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነው።

«እማዬ፣ ይሄን ብትፈትይው ካልሲ ይወጣዋል።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ዲስኩስ ምን አጠፋ አልኳት። ምንም አላጠፋም አለችኝ። ማጣመሩስ ጠቀመ አልጠቀመም? ለመክፈቱ ጠቅሟል፣ ለጨዋታው አልጠቀመም አለችኝ። ዘርአ ዳዊት ያለው ይህንኑ አልነበር? ነበር። ታዲያ ለምን ያኔ አልገባንም? ካቻቢቴዋን አንስታ ወደ ሁለት ቁጥር ሄደች።

ሁሉንም ፈትታ አጸዳች። የተጣመሩትን ለያየቻቸው፣ ለአራት ዲስኩን መለሰችለት። እኔ በርጩማዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ባናውንም አልጋዬ ላይ አደረግሁት። ደብተሬ ላይ ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ስድሳ ሆኑ። ልጆቹ ግን ይህን አያውቁም። ለቃለ አብ ደውይለት አልኳት። አንድ ጊዜ ተስተካከለ ብዬ ጠርቼዋለሁ፣ ሁለተኛ በምን ፊቴ እጠራዋለሁ አለችኝ። ሁለት ወር ያህል ደጋግሜ ብነግራትም እንቢ አለች። ፋሲካ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ባጃጅ ያዝኩና መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጌም ቤት ሄድኩ። ለአርሴማ ወደ ገበያ ነው ያልኳት። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጩኸት ነው፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ስገባ ግን ጸጥ አለ። የሆነ ልጅ አያት ሊገርፉ የመጡ መሰላቸው መሰለኝ። ቃለ አብ ከወንበሩ ብድግ አለ።

ሌላ መንገድ ስላላወቅሁ እንዳለ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአርሴማ አይደለም፣ ፀጉር እያባዘትኩባቸው፣ ማታም ባና እያለበስኳቸው ነው የታመሙት፣ አሁን ድነዋል አልኩ።

«እማማ፣» አለ ቃለ አብ ፈገግ ሳይል፣ «ጋቢስ አልደረቡላቸውም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የጌም ቤቱ ባለቤት እንኳን ሳቀ። እኔ ፊቴ እየተቃጠለ ወጣሁ፤ ይምጡ አይምጡ ያለኝ ሰው የለም። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ነገሩን ያባባስኩት መሰለኝ፤ እስከዛሬ የሚያውቁት የሚቆራረጥ ኮምፒውተር ነው፣ አሁን ደግሞ ባና የምታለብስ አሮጊት ጨመርኩበት።

በማግስቱ ቃለ አብ ብቻውን መጣ። ሁለት ቁጥር ላይ ሦስት ግጥሚያ ተጫወተ፣ አልቆመበትም። እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ፣ ትኩሳቱ ለቆታል አለ። አርሴማ ይህን ከየት ሰማ ብላ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ሁለት መጡ፣ ከፋሲካ በኋላ ሦስት።

ባየው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት እንደተባለው መጣ። አርሴማ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ጋ አቁማለች። ቃሌን ለመጠበቅ ነው አለችኝ። ባየው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ስንት ነበሩ ብሎ ጠየቃት፤ ዐሥራ አንድ አለችው። ስንት ተመለሱ? ስድስት።

ለጥምቀት ሲነጋገሩ ልጆቹ ከተመለሱ ነው የተባለው፣ ስንት ከተመለሱ አልተባለም። አምስቱ እኮ አልመጡም አለ ባየው፣ ግን የሚከራከር ሰው ድምፅ አልነበረውም፣ ራሱን የሚጠይቅ ይመስላል። ወደ እኔ ዞሮ፣ እናቴ፣ እንዴት ነበር የተባባልነው አለኝ። እኔን ያልጠየቃችሁኝን ነው የተባባላችሁት አልኩት።

ቃለ አብ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ጋሼ፣ ስድስት ለአምስት እኮ ያሸንፋል» አለ።

ባየው መሳቅ አልፈለገም፣ አልቻለም ግን። አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠና አርሴማን ወደ ጎን ስቦ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ አላት። እስካሁን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

«እኔንጃ ጋሼ» አለችው። «እንዲመለሱ እንዲመለሱ ስል ቆየሁ። እኔ መቅረት እፈልግ እንደሆነ አላሰብኩበትም።»

ስታውቂ ደውዪልኝ፣ የሱቁን ሰውዬ አቆየዋለሁ አላት። ምሳ በላ፣ ለአዲስ አበባ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ተነሳ። እስከ ኮብልስቶኑ ጫፍ ሸኘነው። ስንመለስ አርሴማ ሻንጣውን አንስታ ወደ ክፍሏ አስገባችው፣ ልብሱን ግን አላወጣችም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አልጋዋ ሥር ነው። ትናንት ከውስጡ ሹራቧን ብቻ አውጥታ ለበሰች። በርዷት ይሁን፣ ልትቀር ወስና ይሁን፣ አልጠየቅኋትም።